ምሰሶ ተደግፌ የሰማሁት ባንድ

መጀመሪያ ስለ ምሰሶው ልንገራችሁ።

ለንደን፣ ካምደን ሰፈር፣ ራውንድሃውስ የሚባል ክብ አዳራሽ አለ። ጣሪያውን ዙሪያውን ቆመው የተሸከሙት 24 የብረት ምሰሶዎች ናቸው። በፈረንጅ 2022፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከነዚያ አንዱን ተደግፌ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብበት ስለኖረ እጅ ሲያርፍበት ለስለስ ይላል። ድራሙ ሲመታ ደግሞ ይነዝራል። ቤዙን በጆሮዬ ሳይሆን በጀርባዬ ነው የሰማሁት ብል ይቀላል።

ይኼ ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የሙዚየም ጥበቃ ነኝ። በቀን ስምንት ሰዓት እቆማለሁ። መቀመጥ በተራ ነው፤ መደገፍ ግን ጭራሽ አይታሰብም። ግድግዳ የተደገፈ ጥበቃ ሥዕሉን የተደገፈ ያህል ነው የሚቆጠርበት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሥራ ሰዓት ምንም ነገር ተደግፌ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ኮንሰርቱ የምለውን ስታነቡ ደልቶኝ እንደነበር አትርሱ።

የሄድኩት ፔቭመንት የሚባል ባንድ ለማየት ነው። አሜሪካውያን ናቸው። የሚጫወቱትን ኢንዲ ሮክ ይሉታል፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ሳይሆን በትንንሽ አሳታሚዎች እየወጣ ከኮሌጅ ሬዲዮ ወደ ተማሪ መኝታ ክፍል ሲዞር የኖረ ሮክ ማለት ነው። በ1989 ጀመሩ። ከ1992 እስከ 1999 አምስት አልበም አወጡ፤ ከዚያ ተበተኑ። በ2010 ተሰብስበው ዓለምን አንድ ዙር ዞሩና እንደገና ወደየቤታቸው ገቡ። በ2020 ባርሴሎና ላይ ሊገናኙ ነበር፤ ኮሮና አስቀረው። በ2022 ነው የተሳካላቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምቆጥረው ታሪኩ የነሱ ስለሆነ ነው።) ለንደን ላይ ከኦክቶበር 22 እስከ 25 አራት ማታ በተከታታይ ተጫወቱ። እኔ ከአራቱ አንዱን አየሁ።

ያስተዋወቀኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እንግሊዛዊ ነው፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ወሬ የማያበዛ። አንዱን አዳራሽ እሱ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ያለውን እኔ። በሩ ላይ ስንተያይ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርጋለን፤ በቃ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ስልኩን ወደኔ አዞረና የአንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ ፎቶ አሳየኝ።

«ይኼ ሰውዬ የሙዚየም ጥበቃ ነበር» አለኝ። «እንዳንቺ።»

እውነቱን ነው። ስቲቨን ማልክመስ ይባላል፤ የባንዱ ዘፋኝና ዋናው የዘፈን ደራሲ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ዊትኒ ሙዚየም ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። ገጣሚው ጓደኛው ዴቪድ በርማንም አብሮት ይቆም ነበር። በኋላ ድራሙን የያዘው ስቲቭ ዌስትም ከዚያው ከጥበቃ ሥራ የመጣ ነው። እስቲ አስቡት። ፈረንጅ ጎብኚ «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» እያለ ሲጠይቃቸው እነሱ በሆዳቸው ዜማ ያቀነባብራሉ። ሙዚቃቸውን ሳልሰማ ሰዎቹን ወደድኳቸው። የሙያ ነገር ነው።

ሙዚቃውን ስሰማ ግን ደነገጥኩ።

«ጊታሩ ሳይቃኝ ነው እንዴ የተቀዳው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ዘፋኙ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በግድ የቀሰቀሱት ይመስላል። ዜማው ሊያምር ሲል ራሱ ያበላሸዋል። ሲያበላሸው ደግሞ መልሶ ያምራል። ግጥሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ግጥም ስንሰማ ያደግነው ወርቁን እየፈለግን ነው። አንድ ወር ሙሉ ፈለግሁ። የለም። ሰም ብቻ ነው። ቃሎቹ አፉ ውስጥ ስለጣሙት ደረደራቸው። አንዳንዴ ከዚያ ሁሉ ቀልድ መሃል አንድ መስመር ብድግ ይልና ሆዴን ይበላኛል፤ ምን እንዳለ ሳልረዳ ወደ ቀልዱ ተመልሷል።

ስለነሱ የሚጻፈውን ስታነቡ «ሰነፍ»፣ «ግድ የለሽ» የሚል ቃል አይጠፋም። እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት። ባንዱ የተጀመረው ስቶክተን በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ከባሕሩ ዳር ገባ ያለች፣ ዙሪያዋ እርሻ የሆነ፣ በጋዋ የሚያቃጥል ከተማ። እኔ ደግሞ የድሬ ልጅ ነኝ። ሙቀት ያሳደገውን ሰው ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። ድሬ ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፤ በርጫ የሚቀመጠው ይቀመጣል። ሰው ሊናገር ካሰበው ግማሹን ነው የሚናገረው፤ ግማሹን ሙቀቱ ይበላዋል። በዚያ ሰዓት ሲጣደፍ ያያችሁት ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሰው ሞቶበታል። የፔቭመንት ዘፈኖች የዚያ ሰዓት ዘፈኖች ናቸው። ሰነፎች አይደሉም አቦ። ሞቋቸው ነው።

ይኼን ለባልደረባዬ ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት ሲሰማቸው እንደዚያ አስቦት እንደማያውቅ ነገረኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬ ጀመርን።

በኖቬምበር 20፣ 1999 እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን አካዳሚ፣ የዚያ ዘመን የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን ሲጫወቱ እሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ማልክመስ የማይክሮፎኑ መቆሚያ ላይ ካቴና አንጠልጥሎ ነበር። የእጅ ካቴና፣ ፖሊስ የሚያስረው። ባንድ ውስጥ መሆን ማለት ይኼ ነው ብሎ ለሕዝቡ አሳየ። ሰው የሳቀም ነበር፤ የገባውም ነበር። «አንተስ?» አልኩት። «ያኔ ጸጉር ነበረኝ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ቲኬቱን ያገኘሁት ከሱ ነው። ሁለት ይዞ ነበር፤ ሚስቱ «ሰዎቹን በ2010 አይቻቸዋለሁ፣ ይበቃኛል» አለችው። ከዚያ በፊት በአንድ ቲኬት መልሶ በሚሸጥ ድረ ገጽ ሞክሬ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳይ ስልኬን ዘግቼው ነበር። እሱ በገዛበት ዋጋ ሰጠኝ። እንደዚያም ሆኖ ከግማሽ ቀን ደመወዜ በላይ ነው። ወንድሜ ከድሬ ሲደውል ተሳስቼ ነገርኩት። ወደ ብር መነዘረው። ዝም አለ።

«እና ታዋቂዎች ናቸው?»

«ብዙም አይደሉም።»

«ተለያይተው ነበር አላልሽም?»

«አሁን ተገናኝተው ነዋ።»

«ማን አስታረቃቸው? ሽማግሌ ተልኮ ነው?»

አልተጣሉም እኮ፤ ደክሟቸው ነው አልኩት። «ደክሟቸው አሥር ዓመት?» አለ። ይኼን ጥያቄ እስካሁን በደንብ አልመለስኩለትም።

ቤቱን ላውራችሁ። ቾክ ፋርም ከሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ትንሽ ወደ ታች ስትራመዱ የጡብ ምጣድ የመሰለ ነገር ይቀበላችኋል። ራውንድሃውስ በ1847 የሎኮሞቲቭ፣ ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር ማለት ነው፣ ማደሪያ ተብሎ ነው የተሠራው። መሃሉ ላይ ሎኮሞቲቩን ተሸክሞ የሚያዞር ማዞሪያ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ሎኮሞቲቮቹ እየረዘሙ አልገባ አሉት። ከዚያ ለረጅም ዘመን ጂን የሚባለው መጠጥ መጋዘን ሆነ። ሙዚቃ የገባበት በስድሳዎቹ ነው፤ እነ ፒንክ ፍሎይድ፣ እነ ዶርስ ተጫውተውበታል። በ1983 ተዘግቶ፣ ታድሶ በ2006 ተከፈተ።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው፤ ጥገና ክፍል። ልጅ ሆነን ምሳ ስናደርስለት የሚሸተው የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ልብሱ ላይ አብሮት ቤት ይገባ ነበር። ራውንድሃውስ ምንም አይሸትም፤ ከቢራና ከእርጥብ ካፖርት በስተቀር። ግን ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳይ ጭሱ የሚወጣበትን ቦታ ዓይኔ ፈለገ። አባዬ ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማዞሪያው የት አለ?» ብሎ ነበር። እዚያ ነዋ አባዬ፤ ሰው ቢራውን ከፍ አድርጎ ተጨናንቆ የቆመበት።

በር ላይ ቦርሳዬን የፈተሸው ልጅ ዓይኑን ጣል ሲያደርግብኝ ገባኝ። «ሀበሻ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት።

«ማነው ዛሬ የሚዘፍነው?»

«ፔቭመንት።»

«ምን ማለት ነው?»

«እዚህ አገር የእግረኛ መንገድ። እነሱ አገር አስፋልት።»

ከት ብሎ ሳቀ። «እና ይኼ ሁሉ ሽማግሌ ለአስፋልት ነው የተሰለፈው?» የጆሮ መድፈኛ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለሠራተኛ የሚታደል ነው መሰለኝ። እናንተም ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ። ጊታሮቹ ባንዴ ሲነሱ ቀልድ አይደለም።

ሽማግሌ ማለቱ ትንሽ አበዛው እንጂ አልተሳሳተም። አዳራሹ መላጣና ሽበት ነው። የታጠበ፣ የነተበ፣ ጽሑፉ የጠፋ የባንድ ቲሸርት። አንዳንዱ ልጁን ይዞ መጥቷል፤ ልጁ አባቱን እያየ ይሸማቀቃል። መብራቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ «ኦው!» አለ። ድምፁ የደስታ ብቻ አይደለም። ከአጠገቤ የቆመች ሴት ገና አንድ ኖታ ሳይመታ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ችግሬ። ሙሽራዋን ሳታውቁ ሰርግ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ምግቡ ጥሩ ነው፤ ዘፈኑም ጥሩ ነው፤ ታጨበጭባላችሁ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ስለ ልጅቷ ልጅነት ሲናገሩና እናቷ ስታለቅስ ግን ወዴት እንደምታዩ ይጠፋችኋል። የነዚህ ሰዎች 1994 ከኔ 1994 ጋር አይተዋወቅም። እነሱ የመጀመሪያ ፍቅረኛቸውን፣ ዝናብ የሚገባበትን የኪራይ ክፍላቸውን፣ በካሴት ቀድተው የሰጡትንና የተሰጣቸውን ዘፈን ያስታውሳሉ። እኔ በዚያ ዓመት ደብተሬን አቅፌ ከዚራ የሚባለውን የድሬ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር አቋርጣለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚዞረው ካሴት የአሊ ቢራ ነበር። የሰው ትዝታ ውስጥ ጫማዬን ሳላወልቅ የገባሁ መሰለኝ። ምሰሶውን የያዝኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወጡ። ስድስት ናቸው፤ አምስቱ የድሮዎቹ፣ ስድስተኛዋ በዚያው ዓመት ኪቦርድ ይዛ የተቀላቀለችው ሪቤካ ክሌይ ኮል። የሷ መጨመር ብዙ ነገር አድርጓል። ድሮ ጊታሮቹ እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ የሚቀረውን ክፍተት እሷ በቀስታ ትሞላዋለች። ልብ ብላችሁ ካልሰማችሁ ያለች አይመስላችሁም። ስትተው ነው የምትታወቀው።

ማልክመስ ያኔ 56 ዓመቱ ነበር። ጊታሩን ሳያይ ነው የሚጫወተው፤ ሌላ ሰው የሚጫወትለት ይመስል። እኔ ሰውን የማየው በሙያዬ ነው። ረጅም ሰዓት መቆም የለመደ ሰው ከጉልበቱ ይታወቃል። አዲስ ጥበቃ ጉልበቱን ገትሮ ይቆምና በሁለተኛው ሰዓት ላይ ያብረከርከዋል። የለመደው ጉልበቱን ትንሽ ላላ ያደርጋል፤ ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዞር አታዩትም። ማልክመስ ጉልበቱን አልገተረም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁት። ዊትኒ ያስተማረውን አልረሳም።

ያልጠበቅሁት ነገር መለማመዳቸው ነው። የዘጠናዎቹን ቪዲዮ አይቻለሁ። ዘፈኑ መሃል ላይ ይፈርሳል፤ አንዱ ይስቃል፤ ሌላው ሌላ ዘፈን ይጀምራል። እንዲያውም በ1995 ምዕራብ ቨርጂኒያ ላይ፣ ሎላፓሉዛ በሚባለው ዟሪ ኮንሰርት፣ ተመልካቹ ጭቃ ወርውሮባቸው መድረኩን ጥለው ወርደዋል። አሁን ግን ይጀምራሉ፤ ይጨርሳሉ። በሰዓቱ። ስቲቭ ዌስት በግል ሕይወቱ ድንጋይ ይገነባል፤ ግንበኛ ነው። ድራሙንም እንደዚያው ነው የሚመታው። ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ያያል፣ ቀጣዩን ያስቀምጣል። ባልደረባዬ ይኼን መስተካከል ብዙም አልወደደውም። «ሲወድቁ ማየት እፈልግ ነበር» አለኝ። እኔ ወደድኩት። በሃምሳ ዓመት መውደቅ ያማል።

መውደቁን ሙሉ በሙሉ አልተዉትም ደግሞ። ቦብ ናስታኖቪች አለ። የዚህ ሰው የሥራ መደብ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። መጀመሪያ የተቀጠረው የድሮው ድራመር ጋሪ ያንግ ምቱን ሲስት እንዲደግፈው ነው። ጋሪ ያንግ በር ላይ ቆሞ ለተመልካች ጎመን የሚያድል፣ መድረክ ላይ በእጁ የሚቆም ሰው ነበር፤ ድጋፍ ቢያስፈልገው አይገርምም። ጋሪ በ1993 ሄደ። ደጋፊው ቀረ። ናስታኖቪች ከባንዱ ውጭ ኑሮው የፈረስ ውድድር ሜዳ ነው፤ ፈረሶቹ የሮጡትን እየመዘገበ ሠርቷል። መድረክ ላይ ታምቡሪን ያንኳኳል፣ ትንሽ ኪቦርድ ይነካል፣ ድንገት ማይክሮፎኑን ነጥቆ ጉሮሮው እስኪቀደድ ይጮሃል። ከዚያ እንደ ጥሩ አስተናጋጅ ወደ ጥጉ ይመለሳል። እኛ አገር ሰርግ ላይ ከበሮ ሳይይዝ፣ ሳይዘፍን፣ ሰርጉን የሚያደምቅ አንድ አጎት አይጠፋም። እሱ ነው።

ቤዙን የሚይዘው ማርክ አይቦልድ ኒውዮርክ ውስጥ ባር ቤት መጠጥ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ የባንኮኒ ፈገግታ ነው፤ ሰው ሁሉ ለኔ ነው ብሎ ያስባል። ስኮት ካንበርግ ከማልክመስ ጋር ባንዱን የመሠረተው ነው። እሱ የሚዘፍናቸው ዘፈኖች ጥቂት ናቸው፤ ግን ሲመጡ አዳራሹ መስኮት የተከፈተለት ያህል ይነፍስበታል። ከመጨረሻው አልበም ያመጧቸው ለስለስ ያሉ ዘፈኖች ግን ለኔ ቤት ሆኖ ሻይ ይዞ የሚሰሙ ናቸው። ቆሞ ለሚሰማ ሰው ይረዝማሉ። መሃል ላይ እግሬን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ነገ የጠዋት ፈረቃ እንዳለኝም አሰብኩ።

ከዚያ «ከት ዩር ሄር» መጣ። በ1994 ወደ ታዋቂነት በጣም የቀረቡበት ዘፈን ነው፤ ጸጉርህን ተቆረጥ ማለት ነው። መግቢያው ላይ ቃል የለውም፤ «ኡ-ኡ-ኡ» ብቻ ነው። መላጣው አዳራሽ በሙሉ «ኡ-ኡ-ኡ» አለ። ባልደረባዬን አየሁት። እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ይዘፍናል። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

ለኔ ግን ማታው የተገለበጠው በሌላ ዘፈን ነው። «ሃርነስ ዩር ሆፕስ» ይባላል። ታሪኩ ይገርማል። በዘጠናዎቹ ቀድተውት አልበም ላይ አላስገቡትም፤ በ1999 በአንድ አጭር ቅጂ ጥግ ላይ ጣል አደረጉት። ማንም ልብ አላለውም። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ስፖቲፋይ፣ አንድ ሰው የመረጠው ዘፈን ሲያልቅ ራሱ እየመረጠ የሚያጫውተው ነገር፣ ይኼን ዘፈን ለዓለም ያጫውት ጀመር። ለምን እሱን እንደመረጠ በቅጡ የሚያስረዳ የለም። ብቻ አሁን በስፖቲፋይ ከዘፈኖቻቸው ሁሉ አብልጦ የሚደመጠው እሱ ሆኗል። የቲክቶክ ልጆች ጨፈሩበት።

እኔም ያገኘሁት እንደዚያው ነው። ባልደረባዬ ከነገረኝ በፊት። አንድ የክረምት ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሌላ ነገር እየሰማሁ አልቆ ስልኬ በራሱ አመጣው። ስሙን አላየሁም። የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ቃሎቹ እየተንከባለሉ ሲወርዱ፣ ከላይኛው ገበያ የተደፋ ብርቱካን ይመስላሉ፤ ደስ አለኝና ደገምኩት። ሥራ እስክደርስ አራት ጊዜ።

የመጀመሪያው ጊታር ሲመታ ከኋላዬ ጩኸት ተነሳ። ዘወር አልኩ። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ ምሽቱን ሙሉ ግድግዳው ጋ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩት። እየዘለሉ ወደፊት መጡ። ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ይኼ ዘፈን የማንም የድሮ አይደለም። ለዚህ ማንም በ1999 አላለቀሰም። ባልደረባዬ እንኳ ቃሎቹን በደንብ አያውቃቸውም፤ ግማሹ ላይ አፉ ይከተላል እንጂ። እኔ ግን አንድም ሳልስት እስከ መጨረሻው ዘፈንኩ። ምሰሶውን ለቅቄ።

ሲያልቅ ስመለስ ምሰሶዬን አንድ ጢማም ሰውዬ ወስዶታል። የሙያ ወንድም መስሎኝ ዝም አልኩት።

ይገባዋል ወይ ገንዘቡ? ይገባዋል። አስቀድማችሁ አንድ አልበም ሰምታችሁ ሂዱ፤ ከ1994ቱ ጀምሩ፤ ከ1992ቱ ብትጀምሩ እንደኔ ጊታሩ አልተቃኘም ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ቲሸርት ይሸጣሉ። አልገዛሁም። ዩኒፎርም በቃኝ። ስንወጣ ያ ሀበሻ ልጅ በሩ ላይ ነበር። «አስፋልቱ እንዴት ነበር?» አለኝ። ጥሩ ነው፣ ጉድጓድ የለውም አልኩት። ባልደረባዬ ትርጉሙን ጠየቀኝና ስነግረው፣ «ችግሩም እሱ ነው» አለ።

ይኼን በማግስቱ ልጽፈው ነበር። ፈረቃ፣ ድካም፣ ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ሳምንት ሄደ። ኖቬምበር 6 ወንድሜ በጠዋት ደወለ። እሱ በጠዋት አይደውልም። አሊ ቢራ አዳማ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል አለኝ። 75 ዓመቱ ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ወንድሜ፣ ያ ብር የሚመነዝረው፣ ስልኩ ላይ ዘፈነ። አንድ ቤት ብቻ። ድምፁ አያምርም።

ሥራ ሄድኩ። ቆምኩ። ሰዎች መጸዳጃ ቤት ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በሻይ ሰዓት ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ። መግለጽ አቃተኝ። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሱ ሰጠሁት፤ አንዱን እኔ አደረግሁ። በአሥራዎቹ ዕድሜ አፍረን ቀሎ በሚባል የድሬ ልጆች ባንድ እንደጀመረ፣ ቢራ የሚለውም ስም ከመጀመሪያ ዘፈኑ እንደወጣለት ነገርኩት። ኦሮምኛውን እኔም ሙሉ በሙሉ አልሰማውም፤ ሰፈር የሰጠኝን ያህል ነው። ተረጎምኩለት፤ የቻልኩትን።

ጣቱ ጠረጴዛው ላይ መምታት ጀመረ። ስቶ ነበር፤ ቆየና ገባለት።

«ሞቋቸዋል» አለኝ።

«አዎ።»

«ሰውዬው ለንደን የሚመጣው መቼ ነው?»

ነገርኩት። ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አላወለቀም። ሻዩን ገፋ አደረገ። ከመጀመሪያው መልሽው አለኝ። ሰዓቱን አየሁ። ለፈረቃው አራት ደቂቃ ቀርቶናል። መለስኩት።